ሩቅ የሚያይ ካሜራና በደብዛዛ ብርሃን የሚያይ ካሜራ

ካሜራ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዐይኑ የሚያርፈው በሣጥኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው ቍጥር ላይ ነው። በአንዱ ሣጥን ላይ «40 እጥፍ ዙም» የሚል ያነባል። ከአጠገቡ ያለው ካሜራ ግን አካሉ የሚከብድ፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ቍጥር አይታይበትም፤ ሻጩን ቢጠይቀውም «ይኸኛው ሦስት እጥፍ ብቻ ነው» ይለዋል። 40 ከ3 እንደሚበልጥ ደግሞ ገና ፊደል የሚቈጥር ሕፃንም ያውቃል። ስለዚህ ገዢው ትንሹን ካሜራ በኪሱ ከትቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቍጥሩ ውሸት አይደለም። ነገር ግን በሣጥኑ ላይ ያልተጻፈ፣ ከእርሱ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ቍጥር አለ፤ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገውም ስለዚያ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ የወሬ ያህል ብቻ አይደለም። የመጽሔት ክበባችን ከተማሪዎችና ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ አንድ ካሜራ ለመግዛት አስቧል፤ ገንዘቡም ለአንድ እንጂ ለሁለት አይበቃም። ከአባላቱ እኩሌቶቹ ትንሹንና ሩቅ የሚያየውን፣ እኩሌቶቹ ትልቁን እንግዛ እያሉ ሲከራከሩ ሰንብተዋል። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የምንሰናበትበት በዓል በአንድ ቀን የሚያልፍ ነው፤ በዚያ ቀን የተበላሸውን ፎቶግራፍ «እንደገና ይነሣልን» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ከሩቅ አገር መምጣት ያልቻለች እናት ልጇ የምስክር ወረቀቱን ሲቀበል የምታየው በዚያው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

አሁን ሁለቱን ካሜራዎች ላስተዋውቅ። የመጀመሪያው ኮምፓክት ሱፐርዙም የሚባለው ነው። ሌንሱ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አይወልቅም፤ ካሜራው ሲከፈት እንደ ቀንድ አውጣ ራስ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲዘጋም ተመልሶ ይገባል። ሁለተኛው ዲ.ኤስ.ኤል.አር. የሚባለው ነው። በውስጡ መስተዋት አለ፤ በሌንሱ የገባው ብርሃን በመስተዋቱ ላይ ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣና በመመልከቻው ቀዳዳ በኩል ከዐይናችን ይደርሳል። ቍልፉን ስንጫን መስተዋቱ ብድግ ይላል፤ ብርሃኑም በስተኋላ ወዳለው ተቀባይ ያልፋል። የዚህ ካሜራ ሌንስ እንደ ሥራው ዓይነት እየወለቀ ይለወጣል። ዋጋው ለተራ ሰው መቅረብ የጀመረው ካኖን በ2003 እ.ኤ.አ. ከ1,000 የአሜሪካ ዶላር በታች የሚሸጠውን 300ዲን ካወጣ ወዲህ ነው። ለማነጻጸር እንዲመቸኝ ከእያንዳንዱ ወገን አንድ አንድ እወስዳለሁ፤ ከትንንሾቹ ካኖን ፓወርሾት ኤስኤክስ740ን፣ ከትልልቆቹ ኒኮን ዲ3500ን። ሁለቱም በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡ ስለሆኑ እኩዮች ናቸው።

በሁለቱም ውስጥ የድሮውን ፊልም ቦታ የያዘ፣ ሴንሰር የሚባል ብርሃን ተቀባይ አለ። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። የኤስኤክስ740 ሴንሰር ወርዱ 6.2 ሚሊሜትር፣ ቁመቱ 4.6 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከትንሿ ጣታችን ጥፍር አይበልጥም። የዲ3500 ግን 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ነው። ወርዱን በቁመቱ ብናባዛ የመጀመሪያው ስፋት 28 ካሬ ሚሊሜትር ያህል፣ የሁለተኛው ደግሞ 366 ያህል ይሆናል፤ ይኸውም ትልቁ የትንሹ 13 እጥፍ ነው ማለት ነው። በሣጥኑ ላይ የማይጻፈው ቍጥር ይህ ነው።

የስፋት ጥቅሙ ምንድን ነው? ዝናብ በሚዘንብበት ጊዜ አንድ ሲኒና አንድ ገበቴ ደጅ አውጥተን እኩል ደቂቃ ብናቈያቸው የትኛው ብዙ ውኃ እንደሚይዝ ግልጽ ነው። ብርሃንም እንደ ዝናብ በጠብታ የሚወርድ ነው፤ በፊዚክስ ትምህርት ፎቶን የምንለው ጠብታው ነው። በጠራራ ፀሐይ የብርሃኑ ዝናብ ዶፍ ስለሆነ ሲኒውም ይሞላል፤ ስለዚህ ቀትር ላይ የተነሡትን የሁለቱን ካሜራዎች ፎቶግራፎች አጠገብ ለአጠገብ ብናስቀምጥ ለመለየት ይቸግራል። በአዳራሽ ውስጥ፣ በመሸ ጊዜና በአንድ አምፑል በሚበራ ቤት ግን ብርሃኑ ካፊያ ነው። ካፊያ ሲጥል በመሬት ላይ አንዱ ሥፍራ ረጥቦ አጠገቡ ደረቅ ሆኖ እንደምናየው ሁሉ፣ በትንሽ ሴንሰር ላይም ጠብታዎቹ አንዱን ነጥብ አግኝተው ጎረቤቱን ይስቱታል። በዚህ ምክንያት በሰው ፊት ላይ አሸዋ የተነሰነሰ ይመስላል።

ካሜራው ይህን ለማስተካከል አይኤስኦ የሚባለውን ከፍ ያደርጋል። ይህ ግን ብርሃን አይጨምርም፤ ጣቢያው በደንብ የማይሰማ ራዲዮን ድምፅ እንደ መጨመር ነው፤ ንግግሩም ይጐላል፣ ጩኸቱም አብሮ ይጐላል። ደግሞ ኤስኤክስ740 በዚያች 28 ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ 20 ሚሊዮን ነጥቦች አጭቋል፤ ዲ3500 በ366 ውስጥ ያሰፈረው 24 ሚሊዮን ነው። ትልቁ አንድ ተማሪ በሚያስቀምጥበት ወንበር ላይ ትንሹ 11 ያህል ያስቀምጣል። እንዲህ ባለ ክፍል የተማረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል!

ብርሃኑ የሚገባበት ቀዳዳም እንደዚሁ ይለያያል። ሁለቱም ሌንሶች ሰፊውን ነገር በሚያዩበት ጊዜ የትንሹ ካሜራ ቀዳዳ ስፋቱ 1.3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከዲ3500 ጋር የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚደርሰው ሌንስ ግን 5 ሚሊሜትር ያህል ይከፈታል። ከአንድ ሰው ፊት ተነሥቶ ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን በትልቁ 15 እጥፍ ያህል ነው።

እስካሁን ያልሁትን ያነበበ ሰው ትንሹን ካሜራ የናቅሁት ይመስለው ይሆናል። አይደለም። ብርሃን በሞላበት ቦታ ይህ መሣሪያ የሚሠራው ሥራ ያስደንቃል። በ100 ሜትር ርቀት ላይ፣ በሜዳው ወዲያኛው ጫፍ፣ ግብ ጠባቂው ቆሟል እንበል። ትንሹ ካሜራ ዙሙ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ከዚያ ሜዳ የሚያሳየን 4 ሜትር የማይሞላ ወርድ ብቻ ስለሆነ ግብ ጠባቂው ሥዕሉን ይሞላዋል። ትልቁ ካሜራ ግን በዚያ አብሮት በሚሸጠው ሌንስ ከ40 ሜትር በላይ ወርድ ያሳያል፤ ግብ ጠባቂው በመካከል የቆመ ክብሪት እንጨት ይመስላል። ጨረቃም እንደዚሁ ናት፤ በትንሹ ካሜራ የሥዕሉን ቁመት ሲሶ ያህል ይዛ ጕድጓዶቿ ሲታዩ፣ በትልቁ ነጭ ነጥብ ብቻ ትሆናለች። ጨረቃ የፀሐይ ብርሃን ያረፈባት ስለሆነች በሌሊት ብትወጣም ለካሜራው እንደ ቀን ነገር ናት።

በሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮ ሰው ቢቀርበውም ብዙ ስለማይሸሽ ማንኛውም ካሜራ ያነሣዋል። ዋልያ ግን ከገደሉ ወዲያ ነው የሚታየው። ለዋልያና ለወፍ የሚሄድ፣ ከባድ ዕቃም መሸከም የማይወድ ሰው ትንሹን ቢገዛ አልቃወመውም። ለትልቁ እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌንስ ለብቻው ተገዝቶ ቢጨመርለት እንኳ የትንሹን ርቀት እኩሌታ ያህል ብቻ ይደርሳል፤ ክብደቱና ወጪውም ይጨምራል። እርግጥ ነው፣ የቀረውን በመቍረጥ ማሟላት ይቻላል፤ ከ24 ሚሊዮኑ ነጥቦች 5 ሚሊዮን ያህል ይቀራል፤ ይህም ለእንዲህ ያለ መጽሔት ገጽ ይበቃል።

ሩቅ ማየትም የራሱ ዕዳ አለበት። የእጅ መንቀጥቀጥ ከዙሙ ጋር አብሮ ይጐላል። መዝጊያው ዙሙ እስከ መጨረሻው በተሳበ ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺኛ በሚያህል ፍጥነት ቢዘጋ መልካም ነበር፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ብርሃን ያስፈልጋል። በካሜራው ውስጥ የሚገኘው መንቀጥቀጥ መከላከያ የእጃችንን ጥፋት ይቀንሳል፤ የሚሮጠውን ልጅ ግን ሊያቆመው አይችልም። ከዚህም በላይ ኤስኤክስ740 ከዐይን ጋር የሚገጥም መመልከቻ የለውም፤ በፀሐይ ውስጥ እጃችንን ዘርግተን የሚያብረቀርቀውን መስኮት እያየን ኳሷን ስንፈልግ ኳሷ ከመረብ ትገባለች። በቀትር ደግሞ ከጋለው መሬት የሚነሣው አየር ስለሚርገበገብ፣ ከሩቅ የተነሣው ሁሉ ከወንዝ ውኃ በታች ያለ ይመስላል፤ ለዚህ የትኛውም ሌንስ መድኃኒት የለውም፤ ጠዋት መነሣት ብቻ ነው።

ወደ በዓላችን ልመለስ። የእኛ መጽሔት ፎቶግራፎች በብዛት የሚነሡት የት ነው? የስንብቱ በዓል፣ ቴአትሩ፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩ፣ የሽልማቱ አሰጣጥ፣ ሁሉም በአዳራሽ ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ጥቂት ናቸው፤ መብራቱም አንዳንዴ ይጠፋል። ኳስ በሜዳ የምንጫወተውን ብቻ ብናስብ ትንሹ ያሸንፍ ነበር፤ ነገር ግን ከመጽሔቱ ገጾች የኳሱ ድርሻ ሁለት ወይም ሦስት ነው። በአዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ወደ መድረኩ አምስት እርምጃ መቅረብ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለሌንስም ይሠራል። በትልቁ ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር የሆነ፣ ምንም ዙም የሌለው፣ ቀዳዳው እስከ 1.8 የሚከፈት ርካሽ ሌንስ ቢገጠምበት፣ አብሮት የሚሸጠው ሌንስ በ55 ሚሊሜትር ላይ ሆኖ ከሚያስገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ያህል ያስገባል። «ዙም የሌለው ሌንስ ምን ይሠራል?» ብለው የሳቁ ጓደኞች ነበሩኝ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ ዕቃ ቅድሚያ የሚሰጠው ይህ ነው።

ባትሪም ቀላል ነገር አይደለም። በአምራቾቹ መለኪያ ኤስኤክስ740 በአንድ ሙሌት 265 ያህል፣ ዲ3500 ደግሞ 1,550 ያህል ፎቶግራፍ ያነሣል። መስተዋቱ ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳየን ነው ልዩነቱ እንዲህ የሰፋው። መብራት በጠፋበት ቀን የሁለት መቶ ተማሪ ስም ሲጠራ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገንዘብ ያዋጡት ወላጆች ይፍረዱ።

ከወላጆች አንዳንዶቹ «ስልኩ ለምን አይበቃችሁም?» ብለውናል። ጥያቄው ትክክል ነው። የብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ሴንሰር ከኮምፓክቱ የሚተናነስ አይደለም፤ አንዳንዱም ይበልጠዋል፤ ስለዚህ ትንሹ ካሜራ ከስልክ በግልጽ የሚበልጠው በርቀቱ ብቻ ነው። ይህም በክርክሩ ላይ ወደ ትልቁ ያዘነበልሁበት ሌላ ምክንያት ነው፤ በየኪሳችን ያለውን ነገር መልሰን ብንገዛ ምን ይጠቅመናል?

ትልቁን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ካኖንና ኒኮን አዲሱን ሥራቸውን መስተዋት ወደሌለው ካሜራ አዙረዋል፤ ዲ3500ም መሠራት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ከእነዚያ መስተዋት አልባዎች ብዙዎቹ ሴንሰራቸው ከዲ3500 እኩል ስለሆነ ያልሁት ሁሉ ለእነርሱም ይሆናል፤ ዋጋቸው ግን ለእንደኛ ያለ ክበብ ይከብዳል። እንግዲህ የሚቀረን ያገለገለውን መግዛት ነው። ያገለገለ ካሜራ እንደ ያገለገለ መኪና ሁሉ ምን ያህል እንደሄደ ይጠየቃል። የዚህ ክፍል ካሜራዎች መዝጊያ 100,000 ጊዜ ያህል እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። ኒኮን ይህን ቍጥር በሚያነሣው ፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው በኮምፒዩተር አውጥቶ ማየት ይቻላል። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንተን ስናይ በውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየን ሻጋታ ስለሆነ መተው ነው። ነጭ ግድግዳ አንሥተን ጥቋቍር ነጥቦች ከታዩ ግን አቧራ ሊሆን ይችላል፤ አቧራ ይጸዳል። ኒኮን የሚገዛ ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ ዲ3500 ሌንስ የሚያንቀሳቅስ ሞተር በአካሉ ውስጥ ስለሌለው፣ ሞተር የሌላቸው የቆዩ ሌንሶች ሲገጠሙበት በእጅ ካልሆነ አያጠሩም። በካኖን ኢ.ኤፍ. ሌንሶች ላይ ይህ ችግር የለም፤ ሞተሩ በሌንሱ ውስጥ ነው።

ክበቡ ወደ ገበያ የሚልካቸው ሁለት ተማሪዎች የራሳቸውን ሜሞሪ ካርድ ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው። ሻጩ ብዙ ጊዜ ካሜራውን ወደ ደጅ፣ ወደ ብሩሁ መንገድ አዙሮ ነው የሚያሳየው። እነርሱ ግን ወደ ሱቁ ጨለማ ጥግ አዙረው፣ አንደኛው ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ሌላው አሥር ያህል ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ከዚያም ገንዘቡን ሳይከፍሉ ካርዱን በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ አጕልተው የፊቱን ቆዳና የእጁን ጣቶች ይመልከቱ።