በቴምብር ላይ የተደረበ ጽሕፈት

ብራና ያጠረው ጸሐፊ የቀድሞውን ጽሕፈት ፍቆ ሌላ ይጽፍበታል። በጦርነት ዘመን የሰው አገር የያዘ መንግሥት ግን በቴምብር ላይ እንዲህ አያደርግም፤ የፊተኛውን ሳይፍቅ አዲስ ስም ወይም አዲስ ዋጋ ይደርብበታል። ስለዚህ ተደራቢ ጽሕፈት ያለበትን ቴምብር የሚሰበስብ ሰው በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ሁለት ዘመን ያነባል።

በአገራችን ምሳሌው ብዙ ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመያዟ በፊት መንግሥታችን በነባር ቴምብሮቹ ላይ ቀይ መስቀል አትሞ ለእርዳታ አዋላቸው። በኤርትራ እንግሊዞች ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በንጉሣቸው ቴምብር ላይ «ኤም. ኢ. ኤፍ.»፥ ይኸውም የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር፥ በ1940 ዓ.ም. ደግሞ «ቢ. ኤም. ኤ. ኤርትራ» የሚል ደረቡበት። ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ጥቅምት 23 ቀን 1936 ዓ.ም. ለሚያዝያ 27 አደባባይ ሐውልት መታሰቢያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴምብር ላይ ጽሕፈት ተደርቧል። እንግዲህ ተደራቢ ጽሕፈት የያዥ ብቻ ሳይሆን ነጻነቱን ያስመለሰ ሕዝብም ምልክት ነው።

የአሶሳ ነገር ግን ይለያል። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣልያን እጅ የወሰዱት በቤልጅግ መኮንኖች የሚታዘዙ የኮንጎ ወታደሮች ናቸው። የዚሁ ጦር ቀደምቶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት፥ በ1908ና በ1909 ዓ.ም.፥ የጀርመንን ምሥራቅ አፍሪካ ሲይዙ በኮንጎ ቴምብር ላይ «የቤልጅግ ይዞታ» የሚል ጽሕፈት ተደርቦ ነበር። አሶሳ ግን የኢትዮጵያ ምድር ናት፤ ጦሩም የመጣው ጣልያንን ከሚወጉት ጋር ተባብሮ ነው። በስሟ የተደረበ ቴምብርም የለም።

ታዲያ የአሶሳን ያለፈ ዘመን በቴምብር ሊከተል የሚሻ ሰው ምን ያድርግ? ለእርሱ ምስክሩ የቴምብሩ ሥዕል ሳይሆን የፖስታ ቤቱ ማኅተም ነው፤ ከተማውንና ቀኑን የሚናገር እርሱ ነውና። ማኅተሙም ብዙውን ጊዜ ግማሹ በቴምብሩ፥ ግማሹ በኤንቬሎፑ ላይ ያርፋል። ቴምብሩ ሲላጥ ምስክርነቱ ለሁለት ይከፈላል።

ስለዚህ እኛ ወላጆችን የምንመክረው ይህን ነው፤ በሣጥን ውስጥ የአባቶች ደብዳቤ ቢገኝ ልጆች ቴምብሩን ቆርጠው ወይም በውኃ ነክረው እንዳያነሡት ይጠብቁ። ሐሰተኛ ተደራቢ ጽሕፈት እየሠሩ የሚሸጡም ስላሉ፥ ከነኤንቬሎፑ የቆየው በማኅተሙ ቀን ለመመርመር ይመቻል። የቴምብሩ ንባብ በፊቱ ተጽፏል፤ ትርጓሜው ግን ከኤንቬሎፑ ጋር ይገኛል።