መኪናው አልነሳ ሲል፦ ባትሪ ከመግዛት በፊት

መተማ ውስጥ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ጠዋት አልነሳም ካለ መጀመሪያ የሚወነጀለው ባትሪው ነው። አንዳንዴ እውነትም እሱ ነው። ሳይለኩ አዲስ መግዛት ግን ገንዘብ መጣል ነው፤ ጥፋቱ ከገመዱ ወይም ሞተሩን ከሚያስነሳው ሞተሪኖ ሊሆን ይችላልና።

መጀመሪያ ድምፁን ማዳመጥ ነው። ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ፈዝዞ «ጠጠጠጠ» ካለ ኃይል አንሷል። አንዴ «ቋ» ብሎ ዝም ካለና መብራቱ እንደደመቀ ከቀረ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ነው፤ ካርቦኑ አልቆ ይሆናል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዝና የቁልፍ መስመር ይታያል። ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪውም ሞተሪኖውም ነፃ ናቸው።

በመተማ ቆላ ባትሪን የሚገድለው ሙቀት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ አየሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ኮፈን ስር ያለው ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ውሃው ይተናል፣ የውስጡ እርሳስ ቶሎ ይበላል። ሞልቶ ያደረ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል፤ 12 አካባቢ ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ባትሪ አያይዞ በ24 ቮልት ለሚሠራ የጭነት መኪና ቁጥሩ እጥፍ ነው። በባለ 12 ቮልቱ ሞተር ከተነሳ በኋላ ወደ 14 ካልወጣ ዲናሞው እየሞላ አይደለም።

ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ፍተሻ አለ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው እርሳስ ራስ ላይ፣ ሌላውን እዚያው የታሰረው የገመድ መያዣ ላይ አድርጉና ረዳቱ ቁልፉን ያዙር። ንባቡ ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት ካሳየ በመሀል የተጋገረው ነጭ ዝገት ኃይሉን እየበላው ነው፤ አዲስ ባትሪ ቢገባም ለውጥ የለም። ማሳውም (ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ መስመር) ከኔጋቲቩ ራስ እስከ ሞተሩ አካል በዚሁ መንገድ ይለካል። መጥፎ ማሳ ደህናውን ሞተሪኖ ስንቴ አስፈትቷል!

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ የባትሪ ጣጣ አላመለጡም። አብዛኞቹ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሞልቶም መኪናው አይንቀሳቀስም።

የቆላ ሾፌሮች ሆይ፣ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ካላችሁ ሙቀቱ ሳይበረታ ክዳኑን ክፈቱና እዩት። የጎደለውን በባትሪ ውሃ ሙሉ፤ የጉድጓድ ውሃ አትጨምሩበት። ገመድ ስትፈቱም ኔጋቲቩን አስቀድሙ፣ ስትመልሱ የመጨረሻ አድርጉት።