ትንሣኤ ሙታን፦ የሚነሣው ነፍስ ነው ወይስ ሥጋ?

ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብላ የምትገኘው ሐርላ በአፈር ውስጥ የተደበቀ ከተማ አላት። የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ መምህር ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሙያዎች ጋር ያካሄዱት ቁፋሮ ውጤት በ2009 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ የ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ ስፍራ፣ ከግብፅና ከቻይና ድረስ በንግድ የመጡ ዕቃዎች መገኘታቸው ተሰማ። መቃብርም ተገኝቷል። የጥንቱ ግንብ ድንጋይ ትልልቅ በመሆኑ የአካባቢው ሰው «እዚህ የኖሩት ግዙፋን ናቸው» እያለ ሲያወራ ኖሯል። ከመቃብሩ የወጣው አጥንት ግን እንደኛው ያለ ሰው አጥንት ነው።

ሙስሊም ሲቀበር በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ መካ ይዞራል፤ ከሐርላ ሲታይ መካ በስተሰሜን ናት። የድሬዳዋ ክርስቲያን ደግሞ የዘመዱን ፊት ወደ ምሥራቅ ያደርጋል፤ ጌታ ዳግመኛ የሚመጣው ከምሥራቅ ነው ብሎ ያምናልና። አቅጣጫቸው ቢለያይም ሁለቱም ሟቹን የሚያስቀምጡት አንድ ቀን ይነሣል ብለው ነው። ስለ መጨረሻው ቀን መነሣትና ፍርድ ጎረቤታሞቹ ብዙም አይጣሉም። የሚለያዩት ክርስቶስ ላይ ሲደርሱ ነው። በእስልምና እምነት ነቢዩ ዒሳ አልተሰቀሉም፤ አላህ ወደ ራሱ ወሰዳቸው። ስለዚህ ከመቃብር መነሣት የሚባል ነገር አይነሣም። በክርስትና ግን ሞቱና ትንሣኤው ከወጣ የሚቀር ሃይማኖት የለም። ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ነው ብሎ የቆሮንቶስን ሰዎች የሞገታቸው ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ ነው።

ታዲያ ክርስቲያኑ ራሱ ምን እንደሚያምን ሁልጊዜ ያውቃል ወይ? እኔ እጠራጠራለሁ። ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ የምንሰማው ማጽናኛ በአብዛኛው ስለ ነፍስ ነው። «ነፍስ ይማር» ይባላል፤ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ ዕቅፍ ያኑርልን ይባላል። መልካም ቃል ነው። ይህን ብቻ ሲሰማ ያደገ ሰው ግን ትንሣኤ ማለት ነፍስ ከሥጋ ተለይታ ወደ ሰማይ መውጣቷ ይመስለዋል። አይደለም። ነፍስ ከመጀመሪያውም አትሞትም፤ ያልሞተ ደግሞ አይነሣም። የሚነሣው የሞተው፣ አፈር የለበሰው ሥጋ ነው። ነፍስ ያን ቀን ወደ ራሷ ሥጋ ትመለሳለች፤ ሰውም ሙሉ ሰው ሆኖ በፈጣሪው ፊት ይቆማል። ትንሣኤ ለደጋጎች ብቻ የተጠበቀም አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል እንደተነገረው ሁሉም ይነሣል፤ አንዱ ለሕይወት፣ አንዱ ለፍርድ።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዋና ዋና ትምህርቷን አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ትለዋለች፤ ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባን፣ በመጨረሻም ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን። በቅዳሴ የሚጸለየው ጸሎተ ሃይማኖትም የሚዘጋው የሙታንን ትንሣኤና የሚመጣውን ሕይወት ተስፋ በማድረግ ነው። ይህ መግለጫ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 በኒቅያ ተጀምሮ በ381 በቁስጥንጥንያ የተሟላ ሲሆን፣ ካቶሊኩም ይጸልየዋል፤ ፕሮቴስታንቱም ትምህርቱን ይቀበላል።

አንድ ሌላ መደባለቅ አለ። አልዓዛር አራት ቀን ተቀብሮ ወጥቷል። የናይን መበለት ልጅም፣ የኢያኢሮስ ልጅም ከሞት ተነሥተዋል። እነዚህ ሁሉ ግን ወደ ቀድሞው ኑሯቸው ነው የተመለሱት፤ በኋላ እንደማንኛውም ሰው ሞተዋል። የክርስቶስ ትንሣኤ ከዚህ የተለየ ነው። ዳግመኛ ሞት አያገኘውም። ሥጋው ያው በመስቀል ላይ የዋለው ነው፤ ቶማስ የችንካሩን ምልክት አይቶበታል። ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ መስሏቸው ሲደነግጡም የተጠበሰ ዓሣ ተቀብሎ በፊታቸው በልቷል። ግን በሩ ተዘግቶ ሳለ መካከላቸው ቆሟል። ከዚህ በኋላ ሊነሣ ያለው የሰው ልጅ ሁሉ እሱን ይከተላል፤ የክርስትና ተስፋ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ይህ ሲነገር የሳቀ ሰው ያኔም አልጠፋም። የአቴና ሊቃውንት ጳውሎስን ስለ አንድ አምላክ ሲሰብክ አዳመጡት፤ ሙታን ይነሣሉ ሲል ግን አንዳንዶቹ አላገጡበት። ብዙዎቹ የግሪክ ፈላስፎች ሥጋን የነፍስ እስር ቤት አድርገው ያዩት ነበርና፣ ወደ እስር ቤት ለመመለስ የሚናፍቅ ማን ነው? የክርስትና መልስ ሥጋ እስር ቤት አይደለም የሚል ነው። እግዚአብሔር የፈጠረው፣ ክርስቶስም የለበሰው ነው፤ ተጥሎ አይቀርም።

የበሰበሰው፣ አውሬ የበላው፣ ባሕር የወሰደውስ? የሐረርጌ ገበሬ ማሽላ ሲዘራ መሬት ውስጥ የሚጥለው ቅንጣት ነው። የሚወጣው ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ አገዳ ነው፤ ቅንጣቷን ፈጽሞ አይመስልም፣ ሆኖም ከእሷ የወጣ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስንዴን ጠቅሶ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ የተቀበረውና የሚነሣው አንድ ሰው ነው፣ የሚነሣው ግን መበስበስ የማያውቅ ሆኖ ነው።

የእኛ ሊቃውንት ከዚህ አልፈው ዘርዝረውታል። ነጋሪት ሦስት ጊዜ ይጎሰማል። በመጀመሪያው የተበተነው አጥንትና ሥጋ ይሰበሰባል፤ በሁለተኛው አካሉ ተገጣጥሞ የማይንቀሳቀስ በድን ይሆናል፤ በሦስተኛው ነፍስ ተዋሕዳው ይነሣል። ወንዱ የ30 ዓመት ጎልማሳ፣ ሴቷ የ15 ዓመት ወጣት ሆነው ነው የሚነሡት፤ አዳምና ሔዋን የተፈጠሩት እንዲያ ሆነው ነው ስለሚባል። በሕፃንነቱ የሞተውም፣ አርጅቶ የሞተውም፣ አካሉ የጎደለውም ያን ቀን ሙሉ ነው። የቁጥሩን ነገር ለሊቃውንቱ እንተወው፤ ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው። ሞትና ሕመም ከሰው ላይ የወሰዱት ሁሉ ይመለሳል።

ነፍስ እስከዚያ ቀን ምን ትሆናለች? የኦርቶዶክስ መልስ ትጠብቃለች የሚል ነው፤ የጻድቃን በገነት፣ የኃጥኣን በሲኦል። የመጨረሻው ፍርድ ገና ስለሆነ ጸሎት ይረዳቸዋል ተብሎ ይታመናል። ፍትሐት የሚደረገው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ የሚታሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ፕሮቴስታንቶች በዚህ አይስማሙም፤ ከሞት በኋላ የሚለወጥ ነገር የለም ይላሉ። ክርክሩ የቆየ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ለተዝካር ተበድሮ መደገስ ከትንሣኤ እምነት የመጣ ሳይሆን ከይሉኝታ የመጣ ነው፤ የሟቹን ነፍስ የሚያስቡት ጸሎቱና ለችግረኛ የሚሰጠው ምጽዋት ናቸው።

ፋሲካን በዚህ ዓይን ብናየው ብዙ ነገሩ ይፈታል። በዓሉ እንደ ባሕረ ሐሳቡ ቀመር ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። ከ55 ቀን ሁዳዴ በኋላ፣ በስቅለት ዕለት ጉልበት እስኪከዳ ከተሰገደ በኋላ፣ እሑድ ሌሊት ቅዳሴው ሲያበቃ ይፈሰካል። ከዚያ ቀጥሎ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም፣ ስግደትም የለም። አንዳንዱ ይህን እንደ ዕረፍት ያየዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን ድካምና ልቅሶ የሌለበትን የሚመጣውን ዓለም ከወዲሁ ታሳይበታለች።

የትንሣኤ ሳምንት ቀናት ስምም እንዲሁ ነው። ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዓርብ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቅዱሳት አንስት ይባላሉ። በተለይ ሐሙስን ልብ ይሏል። በትውፊቱ ክርስቶስ ሥጋው በመቃብር ሳለ በነፍሱ ወደ ሲኦል ወርዶ አዳምንና ልጆቹን ነጻ አውጥቷል፤ የአዳም ቀን ያንን ያስባል። በጌታ ትንሣኤ ሳምንት የመጀመሪያው ሰው ስም መጠራቱ በዓሉ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን ይናገራል።

ነገሩን ከምንጩ ማየት የሚፈልግ አንባቢ አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15ን ያንብብ። ጳውሎስ መልእክቱን የጻፈው ከስቅለቱ ሃያ ዓመት ገደማ አልፎ ነው፤ ክርስቶስ ከተነሣ በኋላ ካዩት መካከል ብዙዎቹ ገና በሕይወት እንዳሉም ይናገራል። ምዕራፉ 58 ቁጥር ብቻ ነው። ለማንበብ የበዓሉን ዋዜማ አይጠብቁ፤ ያን ቀን ዶሮው ሲወጠወጥ ጊዜ የሚተርፈው የለም።