ሂጃብ ያደረገች ነርስ

ሀና ማርያም በአዲስ አበባ ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ያለ ሰፈር ነው። ስሙ የክርስቲያን ስም ነው። ነዋሪው ግን ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው። «ማርያም ትቅረብሽ» የምትባለውም፣ «አላህ ይርዳሽ» የምትባለውም ወላድ አንድ ጤና ጣቢያ ትገባለች።

እንዲህ ባለ ሰፈር አንዲት ሙስሊም ልጅ የነርስ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ጀመረች እንበል። ፀጉሯን በሂጃብ ሸፍናለች። አንዱ በሽተኛ «ይህ ሻሽ ለሥራ አይመችም፤ ታውልቀው» ይላል። ሌላው «ሃይማኖቷ ነው፤ ምን አገባህ?» ይላል። ልክ የሆነው ማን ነው? እስቲ ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

ነርስ ራሷን መሸፈኗ አዲስ ነገር አይደለም

ሐኪም ቤት ስንሄድ ነርሷን «ሲስተር» ብለን እንጠራታለን። ሲስተር ማለት እኅት ማለት ነው። ቃሉ የፈረንጅ ነው። ድሮ በፈረንጅ አገር በሽተኛ ከሚያስታምሙት ብዙዎቹ ሴት መነኮሳት ነበሩ። ፀጉራቸውንም ይሸፍኑ ነበር። ኋላ ነርሶች ያደርጉት የነበረው ነጭ ቆብ የመጣው ከዚያ ነው።

በእስልምናም ታሪኩ የቆየ ነው። በረካ የሚባሉ የሐበሻ ሴት ነበሩ። ኡሙ አይመን ተብለውም ይጠራሉ። ነቢዩ ሙሐመድን በልጅነታቸው የተንከባከቡ ናቸው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ625 በኡሁድ ጦርነት ውሃ እያጠጡ ቁስለኛ እንዳስታመሙ ይነገራል። ሩፈይዳ የሚባሉ ሌላ ሴትም በመዲና መስጊድ ድንኳን ተክለው ቁስለኛ ያክሙ ነበር ይባላል።

ጀርም ሃይማኖት አይለይም

ሐኪም ቤት ውስጥ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው ይበልጡን በእጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ነርስ እጇን በውሃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ መታጠብ አለባት።

ታዲያ ልብስ ምን አገባው? ያገባዋል እንጂ! ረጅም እጅጌ ቁስል ይነካል። የተንጠለጠለ ሻርፕ በሽተኛው ላይ ይወድቃል። ይህ ግን የሂጃብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነጠላም፣ ቀለበትም፣ የእጅ ሰዓትም፣ የሐኪሙ ክራቫትም ያው ነው።

ስለዚህ ሂጃቡ አጭር ይሁን። ጫፉ ጋዋኑ ውስጥ ይግባ። በየቀኑ ታጥቦ ይለወጥ። እጅጌ እስከ ክርን ይሰብሰብ። ነርሷ ቀዶ ጥገና ክፍል ስትገባ ደግሞ የክፍሉን ንጹሕ መሸፈኛ ታድርግ።

ክንዷን በወንድ ፊት መግለጥ የማትፈልግ ነርስስ? እንግሊዝ አገር ይህ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። በ2007 የአገሩ ጤና መሥሪያ ቤት በሽተኛ የሚነካ ሠራተኛ ክንዱ እስከ ክርን ባዶ እንዲሆን መመሪያ አወጣ። አንዳንድ ሙስሊም ሴቶች ተቸገሩ። በ2010 መመሪያው ተሻሻለ። አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚጣል እጅጌ ተፈቀደ። እጅ መታጠቡ ግን አልቀረም። እንዲህ ተነጋግሮ መላ መፍጠር ይቻላል።

ደግሞስ ሙስሊም ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠብ የለም ወይ? መታጠብ ለዚህች ነርስ እንግዳ ነገር አይደለም።

ፊት የሚሸፍነው ኒቃብ ግን ሌላ ነው። ጆሮው የደከመ ሽማግሌ የሚሰማው ከንፈር እያየ ነው። የፈራ ሕፃንም ፊት አይቶ ነው የሚረጋው። ስለዚህ ኒቃብ ከሂጃብ ይልቅ ለዚህ ሥራ ያስቸግራል።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 ማንም ሰው ሃይማኖቱን የመያዝና የመግለጽ መብት አለው ይላል። ይህ መብት የሚገደበው በሕግ ብቻ ነው። ለመገደብም ምክንያት ያስፈልጋል። ከምክንያቶቹ አንዱ የሕዝብ ጤና ነው። እንግዲህ «እጅጌሽን ሰብስቢ» ማለት ምክንያት አለው፤ ለጤና ነው። ንጹሕና አጭር ሂጃብ ያደረገችውን «አውልቂ» ማለት ግን ለየትኛው ጤና ነው?

የሚጎዳው ማን ነው?

«ወይ ሂጃብሽን ወይ ሥራሽን ምረጪ» ብትባል ሥራውን የምትተው ልጅ ትኖራለች። ይህን የሰማ አባትም «ልጄ ነርስ አትሆንም» ይላል። የሚጎዱት እነሱ ብቻ ናቸው ወይ? አይደለም። ምጥ የያዛት እናት ወንድ እንዳያያት አፍራ ቤቷ ትቀራለች። ደም ሲፈሳት ማን ይደርስላታል? ለዚህች እናት አንዲት ሴት ነርስ መጨመሯ ሕይወት ነው።

ስለዚህ እኛ እንዲህ እንላለን። ሐኪም ቤት ስትሄዱ የነርሷን ራስ ሳይሆን እጇን እዩ። «እኅቴ፣ እጅሽን ታጥበሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ክርስቲያኗንም ሙስሊሟንም እኩል ጠይቁ።