የቤት ብስባሽ፦ ክምሩ ለምን ይሞቃል? ለምንስ ይገማል?

ከከተማ መኖሪያ ቤቶች ከሚወጣው ደረቅ ቆሻሻ አብዛኛው የአትክልት ልጣጭን፣ የምግብ ትራፊንና ቅጠላ ቅጠልን የመሰለ በቀላሉ የሚበሰብስ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ይህ ሁሉ ከላስቲክና ከቆርቆሮ ጋር ተደባልቆ ለአሥርት ዓመታት ሲከማች የኖረው በተለምዶ «ቆሼ» በሚባለው ሥፍራ ሲሆን፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የክምሩ አንድ ክፍል ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ማጣታቸው ይታወሳል። በአንድ ጓሮ የሚዘጋጅ ብስባሽ የከተማን የቆሻሻ ችግር ይፈታል ለማለት አንደፍርም። ሆኖም ልጣጩ ከግቢ ሳይወጣ ለአፈር ማዳበሪያ ሊሆን ስለሚችል፣ አሠራሩን ከነምክንያቱ እንመልከት።

ብዙ ሰዎች ብስባሽ ማዘጋጀት ጀምረው የሚያቋርጡት በመጥፎ ሽታው ተማርረው ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን በአግባቡ የተያዘ ብስባሽ አይገማም። ልዩነቱን የሚፈጥረው ኦክሲጅን ነው። አየር በሚያገኝ ክምር ውስጥ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ካርቦን ያዘሉ ውሁዶችን ልክ እንደ እኛ በትንፈሳ ይጠቀሙባቸዋል፤ በዚህም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ሙቀት ይወጣል። አየር ሲያጥር ሥራውን ኦክሲጅን የማይሹ ባክቴሪያዎች ይረከቡታል። ሚቴንና የሚከረፉ የሰልፈር ውሁዶች የሚፈጠሩት ያን ጊዜ ነው።

ደቂቅ ዘአካላቱ ካርቦንን በዋናነት ለኃይል ምንጭነት፣ ናይትሮጅንን ደግሞ ፕሮቲን ለመሥራት ይፈልጉታል። ተስማሚው ምጣኔ በክብደት ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ነው። የቡና አተላ 20 ለ1፣ ገለባ 80 ለ1 ገደማ ሲሆን፣ የሰጋቱራው ካርቦን ግን በመቶዎች ይቆጠራል። ስለዚህ ልጣጭና አተላ ብቻ ከተከመረ ትርፉ ናይትሮጅን አሞንያ ሆኖ ይተናል፤ ገለባ ብቻ ከሆነ ደግሞ ለወራት ብዙም ሳይለወጥ ይቀመጣል። ሚዛን ይዞ መቀመር ግን አያስፈልግም። ለአንድ ባልዲ እርጥብ ልጣጭ ሁለት ባልዲ ያህል ደረቅ ቅጠል ወይም የተቆራረጠ ገለባ ቢደባለቅ መልካም ጅምር ነው። የምድጃ አመድ በብዛት መጨመር አይገባም፤ አልካላይን ስለሆነ ናይትሮጅኑ በአሞንያ መልክ እንዲያመልጥ ያደርጋል። ሥጋና አጥንት ቢቀሩ ይሻላል። ምክንያቱ ከኬሚስትሪው ይልቅ አይጥና የሰፈር ውሻ ነው!

እርጥበቱን በእጅ መለካት ይቻላል። አንድ ጭብጥ ወስደን ስንጨምቀው ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢወጣ በቂ ነው። በክረምት ክምሩን መሸፈን የግድ ይላል፤ አለዚያ የዝናቡ ውኃ የአየሩን ቦታ ይይዛል።

መጠኑም ወሳኝ ነው። ሙቀት የሚመነጨው ከክምሩ ይዘት፣ የሚባክነው ግን በገጽታው በኩል ነው። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ኩብ ለ1 ሜትር ኩብ ይዘት 6 ሜትር ካሬ ገጽታ አለው። ጎኑ 30 ሳንቲሜትር ቢሆን ግን ይኸው ንጽጽር ወደ 20 ያድጋል። እንደ አዲስ አበባ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ ትንሽ ክምር የማይሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቁ ክምር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ብዙ የአረም ዘሮችንና በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። ከ70 ካለፈ ሠራተኞቹ ራሳቸው ስለሚያልቁ ክምሩን ማገላበጥ ያስፈልጋል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ በተበሳሳ ባልዲ ሊሞክረው ይችላል። ባልዲው ባይሞቅም ልጣጩ ቀስ ብሎ ይበሰብሳል፤ ብቻ ዘር የያዘ አረምና የታመመ ተክል አይጨመርበት።

እየተገላበጠ የቆየ ክምር ከሦስት እስከ አራት ወር ገደማ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ይይዛል። መብሰሉን ለማረጋገጥ ፌጦ እንጠቀማለን። በአንድ ጣሳ አፈር ብቻ፣ በሌላው አፈርና ብስባሽ እኩል ቀላቅለን እኩል ቁጥር ያለው ዘር እንዝራ። ፌጦ በጥቂት ቀናት ይበቅላል። ብስባሽ ባለበት ጣሳ የበቀለው ካነሰ ወይም ቡቃያው ከቀጨጨ፣ ክምሩ ጥቂት ሳምንታት ይቀሩታል ማለት ነው።