ተንቀሳቃሽ የሙዚቃ ማጫወቻ እና የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር

ተንቀሳቃሽ የሙዚቃ ማጫወቻ የሙዚቃ ፋይሎችን ከራሱ ማከማቻ አንብቦ በጆሮ ማዳመጫ የሚያሰማ፣ በኪስ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር ደግሞ ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት አጠንክሮ ማዳመጫውን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ነው። የማዳመጫ ጃክ ያለው ማጫወቻ ሁሉ በውስጡ አነስተኛ አምፕሊፋየር አለው። ስለዚህ ከውጭ ሌላ አምፕሊፋየር ማስፈለግ አለማስፈለጉ የሚታወቀው ከማጫወቻው ዋጋ ሳይሆን ማዳመጫው ከሚጠይቀው ኃይል ነው።

ታሪክ

የጃፓኑ ሶኒ «ዎክማን» የተባለውን የካሴት ማጫወቻ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በ1984 ያው ኩባንያ በሲዲ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ማጫወቻ አወጣ። በ1998 የደቡብ ኮሪያው ሳሃን «ኤምፒማን» የተባለውን የኤምፒ3 ማጫወቻ ሸጠ፤ በ2001 ደግሞ አፕል 5 ጊጋባይት ማከማቻ ያለውን የመጀመሪያውን አይፖድ አቀረበ።

ስማርት ስልክ ሲስፋፋ ርካሽ ማጫወቻዎች ከገበያ እየወጡ ሄዱ። ለድምፅ ጥራት ቅድሚያ የሚሰጡ ውድ ማጫወቻዎች ግን በአንጻሩ በዙ። አይሪቨር በ2012 «አስቴል ኤንድ ከርን» በሚል ስም ኤኬ100ን አወጣ። በ2016 ሶኒ ደብሊውኤም1ኤ እና ደብሊውኤም1ዜድ የተባሉትን አቀረበ። በዚያው ዓመት አፕል ከአይፎን 7 ላይ የማዳመጫውን ጃክ ስላነሳ በስልክና በማዳመጫ መካከል የሚገቡ ትናንሽ መቀየሪያዎች እየተለመዱ መጡ።

ማጫወቻዎችን ማወዳደር

ማጫወቻው ሦስት ሥራዎችን በቅደም ተከተል ያከናውናል፦ ፋይሉን ያነባል፤ ዲጂታሉን መረጃ ዳክ በሚባለው ክፍል ወደ አናሎግ ምልክት ይቀይራል፤ በመጨረሻም ምልክቱን ያጎላል። ውድ ማጫወቻዎች በማከማቻ፣ በባትሪ፣ በዳክ ዓይነትና በቀፎ ይለያያሉ። ማዳመጫን የማንቀሳቀስ አቅማቸው ግን የግድ ከዋጋቸው ጋር አይጨምርም።

ሁለቱ የሶኒ ማጫወቻዎች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ደብሊውኤም1ኤ የአልሙኒየም ቀፎና 128 ጊጋባይት ማከማቻ ሲኖረው 267 ግራም ይመዝናል፤ ሲወጣ ዋጋው ወደ 1,200 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ደብሊውኤም1ዜድ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ቀፎና 256 ጊጋባይት ማከማቻ አለው፤ ክብደቱ 455 ግራም፣ ዋጋው ወደ 3,200 ዶላር ነበር። አንዳንድ የውስጥ ክፍሎቻቸውም ይለያያሉ። ሆኖም አምራቹ ለሁለቱም የገለጸው ከፍተኛ ኃይል አንድ ነው፦ በ16 ኦም ላይ ለእያንዳንዱ ጆሮ በባላንስድ ጃክ 250 ሚሊዋት፣ በተለመደው ጃክ 60 ሚሊዋት። ባላንስድ ጃክ ለግራና ለቀኝ ጆሮ የተለያዩ መስመሮችን የሚጠቀም ሲሆን ለእርሱ የተሠራ ገመድ ይፈልጋል።

ማዳመጫው የሚጠይቀው

ከማዳመጫው መግለጫ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ።

ኢምፒዳንስ፦ ማዳመጫው ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ሲሆን የሚለካው በኦም ነው። ኢምፒዳንሱ ከፍ ሲል ብዙ ቮልቴጅ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ ብዙ ከረንት ያስፈልጋል።

ሴንሲቲቪቲ፦ ማዳመጫው በተወሰነ ኃይል ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ ያሳያል። አንዳንድ አምራቾች በ1 ሚሊዋት፣ ሌሎች በ1 ቮልት ስለሚለኩት ሁለቱን መለኪያዎች ሳይለዩ ማወዳደር ያሳስታል።

ድምፁን በ3 ዴሲቤል ለመጨመር ኃይሉ እጥፍ፣ በ10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ አሥር እጥፍ መሆን አለበት።

ስሌት በምሳሌ

በሙዚቃ ውስጥ ለአፍታ ብቻ የሚሰማው ከፍተኛ ድምፅ 110 ዴሲቤል ይሁን እንበል። ሴንሲቲቪቲው በ1 ሚሊዋት 96 ዴሲቤል የሆነ ማዳመጫ ለዚህ 25 ሚሊዋት ያህል ይፈልጋል። ኢምፒዳንሱ 32 ኦም ከሆነ ይህ ኃይል 0.9 ቮልትና 28 ሚሊአምፔር ነው፤ 600 ኦም ከሆነ ግን 3.9 ቮልትና 6.5 ሚሊአምፔር ይሆናል። ኃይሉ አንድ ቢሆንም የአምፕሊፋየሩ ሥራ የተለያየ ነው።

ከላይ የተጠቀሱት የሶኒ ማጫወቻዎች 250 ሚሊዋት በ16 ኦም ሲሰጡ ቮልቴጁ 2 ነው። ይህ 2 ቮልት ለሁለት ታዋቂ ማዳመጫዎች ሲሰላ ውጤቱ እንዲህ ይሆናል፦

- ሴንሃይዘር ኤችዲ 650፦ 300 ኦም፤ በ1 ቮልት 103 ዴሲቤል። በ2 ቮልት 109 ዴሲቤል ስለሚደርስ ማጫወቻው ብቻውን ይበቃዋል።
- ሃይፋይማን ኤችኢ-6፦ 50 ኦም፤ በ1 ሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል። በ2 ቮልት 80 ሚሊዋት ስለሚያገኝ 102.5 ዴሲቤል ላይ ይቆማል። ለ110 ዴሲቤል ወደ 450 ሚሊዋት ማለትም 4.7 ቮልት ይፈልጋል።

«ብዙ ኦም ያለው ማዳመጫ አምፕሊፋየር ይፈልጋል» የሚለው የተለመደ አባባል ስለዚህ ሁልጊዜ አይሠራም። እዚህ አምፕሊፋየር የሚያስፈልገው 50 ኦም ያለው ነው።

አምፕሊፋየር የሚጎዳበት ሁኔታ

ጆሮ ውስጥ የሚገቡ ማዳመጫዎች ብዙዎቹ በጥቂት ሚሊዋት በጣም ይጮኻሉ። ከኃይለኛ አምፕሊፋየር ጋር ሲገናኙ ሙዚቃው በሌለበት ጊዜ እንኳ የ«ሽሽሽ» ድምፅ ሊሰማባቸው ይችላል፤ የድምፅ መቆጣጠሪያውም ገና ትንሽ ሲነካ ይጮኻል።

የአምፕሊፋየሩ የራሱ የመውጫ ኢምፒዳንስም ወሳኝ ነው። በተለምዶ ከማዳመጫው ኢምፒዳንስ ከስምንት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ለ16 ኦም ማዳመጫ ከ2 ኦም አይበልጥም ማለት ነው። ኢምፒዳንሳቸው ከድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ጋር የሚለዋወጥ ማዳመጫዎች ይህ ካልተጠበቀ የባሱና የቀጭኑ ድምፅ ሚዛን ይለወጥባቸዋል።

የማገናኛ መንገዶች

ማጫወቻን ከውጭ አምፕሊፋየር ጋር ለማገናኘት ሦስት መንገዶች አሉ።

1. ከማዳመጫ ጃክ፦ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ምልክቱ ሁለት ጊዜ ስለሚጎላ የመጀመሪያው አምፕሊፋየር ጫጫታና መዛባት አብሮ ይጎላል።
2. ከላይን አውት፦ ከዳኩ የወጣው ምልክት የማዳመጫውን አምፕሊፋየር ሳያልፍ ይወጣል። ማጫወቻው ይህ መውጫ ካለው ለአናሎግ አምፕሊፋየር የሚመረጠው እርሱ ነው።
3. በዩኤስቢ፦ ዳክ ላለው አምፕሊፋየር ዲጂታሉ መረጃ ይላካል። በዚህ ጊዜ የማጫወቻው ዳክ ሥራ ላይ አይውልም። ለጥሩ ዳክ ሲባል ውድ ማጫወቻ የገዛ ሰው በዚህ መንገድ ከተጠቀመ የከፈለበትን ክፍል ትቶታል፤ ርካሽ ማጫወቻ ወይም ስልክም ያንኑ መረጃ ሊልክ ይችላል።

የጆሮ ደኅንነት

ትርፍ ኃይል ለመስማት ችሎታ አደጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በአማካይ 80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፦ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ90 ዴሲቤል ወደ 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ከላይ በስሌቱ የተጠቀሰው 110 ዴሲቤል ለአፍታ ጫፍ ብቻ የተወሰደ እንጂ ለማዳመጥ የሚመከር መጠን አይደለም። አዲስ አምፕሊፋየር ሲገናኝ መቆጣጠሪያውን ወደ ዜሮ አውርዶ፣ ሙዚቃውን ከከፈቱ በኋላ ማዳመጫውን ጆሮ ላይ ማድረግና ድምፁን ቀስ በቀስ መጨመር ከድንገተኛ ጩኸት ይጠብቃል።