አባባ የት አስቀምጠው ይሆን?

ጎረቤቴ የአባቷ አርባ በወጣ ሳምንት ደጃፌን አንኳኳች። ከሳጥን የወጣ፣ ጠርዙን ብል የበላው የቁጠባ ደብተር ይዛለች። ሽፋኑ «አዲስ አበባ ባንክ» ይላል፤ የመጨረሻው ቀሪ 312 ብር ከ40 ሳንቲም። «ይሄ ባንክ የት ነው?» አለችኝ። ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

ባንኩ የለም። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችን ሲወርስ፣ ከባንኮ ዲ ሮማና ከባንኮ ዲ ናፖሊ ጋር ተጠቃሎ «አዲስ ባንክ» ተባለ፤ በ1972 ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሃደ። የድሮ ደብተር ያገኘ ሰው ዱካው ወደዚያ ይመራዋል። እሷን ያስጨነቃት ግን 312 ብሩ አይደለም። «አባባ ቆጣቢ ነበሩ፤ ሌላም ቦታ ሳያስቀምጡ አይቀሩም።» ከ1986ቱ አዋጅ ወዲህ የተከፈቱት የግል ባንኮች ደግሞ ብዙ ናቸው።

ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ምሁር ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን ቀዳሚ ወራሽ ያደርጋል። የትዳር ጓደኛ በሕግ ወራሽ አይደለም፤ ድርሻው ከጋራ ሀብቱ ግማሹ ነው። ማን እንደሚወርስ ሕጉ እንዲህ ዘርዝሯል። ምን እንደሚወርስ ማወቅ ግን የወራሹ ዕዳ ነው። በአዲስ አበባ የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው፤ ደጁ ላይ ያገኘሁት ራፖር ጸሐፊ የሚያየውን ነገረኝ፦

«ማስረጃውን ይዞ ይወጣና 'አሁን የት ልሂድ?' ይለኛል። ፍርድ ቤት ለባንክ ደብዳቤ ይጽፍልሃል፤ 'ለየትኛው ባንክ?' ስትለው ግን ዝም። አባቱን በቁሙ 'ገንዘብህ የት ነው?' ማለት ሞቱን መመኘት ይመስለዋላ! እኔስ ብትል፣ የአባቴን መቼ አውቃለሁ?»

የሟችን ስም በአንድ ጊዜ በሁሉም ባንኮች ማስፈለግ ለምን እንደማይቻል የጠየቅኳቸው ኃላፊ «በጽሑፍ ይቅረብ» አሉኝ። አቀረብኩ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሡም። የደንበኛ ምስጢር ይጠበቅ፤ ባለምስጢሩ ካለፈ በኋላ ልጁን በየቅርንጫፉ ማንከራተት ግን ማንን ይጠቅማል?

ጊዜም አይጠብቅም። ውርሱን ሌላ ሰው ከያዘው፣ ወራሹ መብቱንና መያዙን ካወቀ ከ3 ዓመት በኋላ ቢከስ በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 መሠረት ይርጋ ያግደዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ጎረቤቴን ተከትዬ ሄድኩ። ራፖር ጸሐፊው መታወቂያውንና ደብተሩን ጎን ለጎን ዘረጋ። መታወቂያው «ኃይሉ» ይላል፤ ደብተሩ «ሐይሉ»።

«እትዬ፣ በየትኛው ልጻፈው?»

ደብተሩን ወደ ብርሃን አዞረችና «አባባ በዚህኛው ነበር የሚፈርሙት» አለች፤ ጣቷን መታወቂያው ላይ አድርጋ።